ተንቀሳቃሽ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ለአማተር ሬዲዮ አገልግሎት፦ አጠቃላይ መረጃ ከአርሲ ደጋማ አካባቢ አንጻር

ተንቀሳቃሽ የአጭር ሞገድ ትራንሲቨር ማሰራጫንና መቀበያን በአንድ አካል የያዘ፣ ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው የፍሪኩዌንሲ ክልል የሚሠራ፣ በባትሪ የሚንቀሳቀስና አንድ ሰው በትከሻ ቦርሳ ሊይዘው የሚችል የመገናኛ መሣሪያ ነው። ከሌሎች የመገናኛ መሣሪያዎች የሚለየው በሁለቱ ተነጋጋሪዎች መካከል ማማ፣ የፋይበር መስመር፣ ሳተላይት ወይም መደበኛ የኤሌክትሪክ ኃይል የማይፈልግ በመሆኑ ነው። ሞገዱ በከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም።

ይህ ጽሑፍ የመሣሪያውን ዓይነቶች፣ የአሠራሩን መርሕ፣ ለመስክ የሚያስፈልገውን ዝግጅትና በሀገራችን ያለውን የሕግ ግዴታ ያብራራል። ለማሳያነት የተወሰደችው በአርሲ ዞን የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ ሳጉሬ ናት። ከተማዋ ከአሰላ በስተደቡብ፣ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ በአየር መስመር ያላት ርቀትም 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ርቀት አነስተኛ ኃይል ያለው ሬዲዮ ምን መሥራት እንደሚችልና ምን እንደማይችል በግልጽ ያሳያል።

የአማተር ሬዲዮ አገልግሎት ምንነት

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ የአማተር አገልግሎትን የሚገልጸው የገንዘብ ጥቅም ሳይፈልጉ፣ በግል ፍላጎት ተነሳስተው ስለ ሬዲዮ ቴክኒክ ለመማር፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ምርምር ለማድረግ ፈቃድ ያገኙ ሰዎች የሚሳተፉበት አገልግሎት አድርጎ ነው። በዚህ አገልግሎት ንግድ ማካሄድ፣ ሙዚቃ ማሰራጨት ወይም ለሕዝብ ፕሮግራም ማቅረብ አይቻልም። በተለያዩ ሀገሮች ባሉ የአማተር ጣቢያዎች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ትርጉሙን ለመሰወር በምስጢር ኮድ ሊደረግ አይገባም። ለሦስተኛ ወገን የሚተላለፍ ዓለም አቀፍ መልእክት የሚፈቀደውም በድንገተኛ አደጋና በእርዳታ ሥራ ጊዜ ብቻ ነው።

ይኸው ደንብ በአንቀጽ 25 መንግሥታት የአማተር ጣቢያዎች ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት ዝግጁ የሚሆኑበትን ሁኔታ እንዲያመቻቹ ያበረታታል። የማበረታቻው ምክንያት በተግባር የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በደረሰ ጊዜ በአንዳማን ደሴቶች ፖርት ብሌር ከተማ ለሌላ ዓላማ የተሰባሰቡ የአማተር ሬዲዮ ኦፕሬተሮች ነበሩ። የመደበኛው ስልክ መስመር ሲቋረጥ የእነዚህ ሰዎች የአጭር ሞገድ ጣቢያ ደሴቶቹን ከዋናው የሕንድ ምድር ጋር ለማገናኘት አገልግሏል።

አጭር ሞገድና አማተር ሬዲዮ በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። አጭር ሞገድ በሀገሪቱ ታሪክ ውስጥ የጎላ ስፍራ አለው። በ1928 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ የጣሊያን ወረራ ሊጀምር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም ሕዝብ ያሰሙት ንግግር የተላለፈው በአጭር ሞገድ ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመታት ያህል በአዲስ አበባ የሠራው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያም በአጭር ሞገድ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ሀገሮች ያሰራጭ ነበር።

ለኢትዮጵያ የተመደቡት የጥሪ ምልክት መነሻዎች “ኢ.ቲ.”፣ “9.ኢ.” እና “9.ኤፍ.” ናቸው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ ግቢ የሚገኝ ሲሆን የጥሪ ምልክቱ “ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ.” ነው። ጣቢያው ለምሕንድስና ተማሪዎች የተግባር መማሪያ ሆኖ ከማገልገሉም በላይ በዓለም ዙሪያ ለሚገኙ አማተሮች ከኢትዮጵያ በአየር ላይ የሚሰማ ተጠቃሽ ድምፅ ነው።

በደጋማ አካባቢ አጭር ሞገድ ለምን ያስፈልጋል?

ሳጉሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሰሜን ምሥራቅ ጭላሎ፣ በምሥራቅ የገላማ ሰንሰለት፣ በደቡብ ደግሞ የካካ ተራራ ይከቧታል፤ ሁሉም ከ4,000 ሜትር የማያንሱ ናቸው። በምዕራብ በኩል መሬቱ በከተር ወንዝ ተፋሰስ አድርጎ ወደ ስምጥ ሸለቆና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል።

በእጅ የሚያዙት ተራ የመገናኛ ሬዲዮዎች የሚሠሩት ከ136 እስከ 174 ወይም ከ400 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። እነዚህ ሞገዶች በአብዛኛው ቀጥታ የሚጓዙ ስለሆኑ ተራራ ሲገጥማቸው ይቋረጣሉ። ከጭላሎ አንዱ ጎን ያለ ሰው ከሌላው ጎን ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር ከፍ ባለ ቦታ የተተከለ አስተላላፊ ጣቢያ ያስፈልገዋል። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎትም ማማውን፣ ማማውን ከዋናው መረብ የሚያገናኘውን መስመርና የኤሌክትሪክ ኃይልን በአንድነት ይፈልጋል፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል አገልግሎቱ ይቆማል።

የአርሲ ደጋ የስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ደግሞ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈ ሲሆን፣ ከሟቾቹ መካከል ብዙዎቹ ቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰባሰቡ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከስፍራው የሚወጣ አንድ አጭር መልእክት፣ ማለትም መሬቱ እንደገና ሊናድ ይችላል ወይም መንገዱ ከዚህ ቦታ ተቆርጧል የሚል ቃል፣ የሰው ሕይወት ያተርፋል። ተንቀሳቃሽ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ መደበኛውን መረብ ለመተካት አይችልም፤ መረቡ እስኪመለስ ድረስ ይህን አጭር መልእክት ለማድረስ ግን ይችላል።

ሞገዱ ከሳጉሬ አዲስ አበባ እንዴት ይደርሳል?

ከምድር ከፍ ብሎ በሚገኘው አዮኖስፌር ውስጥ የፀሐይ ጨረር አየሩን ስለሚያዮን የአጭር ሞገድ ፍሪኩዌንሲዎች ታጥፈው ወደ ምድር ይመለሳሉ። የሚያንጸባርቀው ዋናው ንጣፍ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው ቢባል፣ ከሳጉሬ አዲስ አበባ የሚደርሰው ሞገድ የሚነሳው ከአድማስ 76 ዲግሪ ያህል ተነሥቶ ነው፤ ይህም ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ እንደ መውጣት ይቆጠራል። ሞገዱ ወጥቶ እስኪመለስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከላይ ስለሚወርድም በመካከሉ ያለው ተራራም ሆነ ሸለቆ አያግደውም።

ይህ ዓይነቱ ስርጭት የሚሳካው ፍሪኩዌንሲው አዮኖስፌር ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ሞገድ ሊመልስበት ከሚችለው ወሰን በታች ሲሆን ነው። ወሰኑ ካለፈ ሞገዱ ንጣፉን ሰንጥቆ ወደ ጠፈር ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በ14 ሜጋኸርዝ ከሳጉሬ ከደቡብ አውሮፓ ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር የሚነጋገር ኦፕሬተር ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባን ላይሰማ ይችላል፤ ዝቅ ብሎ የወጣው ሞገድ ሩቅ ሲያርፍ፣ ቀጥ ብሎ የወጣው ግን አይመለስም። ለቅርብ ርቀት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ ለሩቅ ርቀት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚለው መሠረታዊ መመሪያ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በሌላ በኩል ፍሪኩዌንሲው ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ በቀን የሚፈጠረው የታችኛው ንጣፍ ሞገዱን ይመጠዋል። ስለዚህ በቀን ጥሩው ምርጫ አዮኖስፌሩ ሊመልሰው ከሚችለው ፍሪኩዌንሲ ሳያልፉ በተቻለ መጠን ከፍ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ አቀማመጥ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ባሕርይ ይሰጠዋል። የምድር መግነጢስ ወገብ የሚያልፈው በሀገራችን ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958፣ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያ በሳይንስ ዓለም የታወቀውም ከዚህ መስመር አጠገብ በመገኘቱ ነው። በመግነጢስ ወገብ አካባቢ አዮኖስፌሩ በቀን ጠንካራ ስለሚሆን 7 ሜጋኸርዝ ለሀገር ውስጥ ግንኙነት አስተማማኝ ይሆናል፤ ጥንካሬው ከፀሐይ መጥለቅ በኋላም ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። በአንጻሩ ከምሽት በኋላ በንጣፉ ላይ የሚፈጠረው መዘበራረቅ ድምፁን እንዲርገበገብና እንዲደበዝዝ የሚያደርግበት ጊዜ አለ።

የፍሪኩዌንሲ ምርጫ በሰዓት

በሬዲዮ ደንቡ ኢትዮጵያ የምትገኘው በክልል 1 ነው። ለሀገር ውስጥ ግንኙነት የሚጠቅሙት የአማተር ፍሪኩዌንሲዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• ከ3,500 እስከ 3,800 ኪሎኸርዝ፦ ለሌሊት፣ በተለይም ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት። በክረምት ወራት የመብረቅ ጫጫታ ይበዛበታል።

• ከ5,351.5 እስከ 5,366.5 ኪሎኸርዝ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው የዓለም ሬዲዮ ጉባኤ የተመደበ ጠባብ ክልል ሲሆን የሚፈቀደው የጨረር ኃይል እስከ 15 ዋት ነው። ለማለዳና ለምሽት ተስማሚ ነው።

• ከ7,000 እስከ 7,200 ኪሎኸርዝ፦ ለቀንና ለመጀመሪያው የምሽት ክፍል ዋናው ምርጫ። ነገር ግን በደንቡ የግርጌ ድንጋጌ 5.141 መሠረት ከ7,000 እስከ 7,050 ኪሎኸርዝ ያለው ክፍል በኢትዮጵያና በጥቂት ሌሎች ሀገሮች ለቋሚ አገልግሎት የተመደበ ነው። በሌሎች ሀገሮች የተዘጋጀ የአማተር መመሪያ የሚከተል ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ ይኖርበታል።

• ከ10,100 እስከ 10,150 ኪሎኸርዝ፦ የፀሐይ እንቅስቃሴ ከፍተኛ በሆነባቸው ዓመታት በቀትር ለሀገር ውስጥም ሊያገለግል ይችላል። የአማተር አገልግሎት በዚህ ክልል ሁለተኛ ደረጃ ተጠቃሚ ነው።

ከ14,000 ኪሎኸርዝ በላይ ያሉት የአማተር ክልሎች በዋናነት ከሀገር ውጭ ለሚደረግ ግንኙነት ይውላሉ። ዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት በክልል 1 ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት መሰባሰቢያነት የመረጣቸው ፍሪኩዌንሲዎች 3,760፣ 7,110፣ 14,300፣ 18,160 እና 21,360 ኪሎኸርዝ ናቸው። በየትኛውም ፍሪኩዌንሲ መጠቀም የሚቻለው በፈቃዱ ላይ ሲገለጽ ብቻ ነው።

የመሣሪያዎቹ ዓይነቶች

በመስክ የሚያገለግሉ ትራንሲቨሮች በኃይላቸው በሦስት ይመደባሉ።

የመጀመሪያው ምድብ ከ5 እስከ 10 ዋት የሚያመነጩትን ቀላል መሣሪያዎች ይይዛል። የያኤሱ ኤፍ.ቲ.-817 እና ተተኪው ኤፍ.ቲ.-818፣ የአይኮም አይ.ሲ.-705 እንዲሁም የኤሌክራፍት ኬ.ኤክስ.2 በዚህ ምድብ ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ለገበያ የቀረበው አይ.ሲ.-705 ክብደቱ 1.1 ኪሎግራም ገደማ ሲሆን፣ በራሱ ባትሪ 5 ዋት፣ በውጭ ባትሪ 10 ዋት ያሰራጫል። ኬ.ኤክስ.2 ከግማሽ ኪሎግራም በታች ይመዝናል።

ሁለተኛው ምድብ 20 ዋት ያህል የሚያመነጩትን ይይዛል። የሺየጉ ጂ.90 ለዚህ ምሳሌ ነው። የአንቴና ማስማሚያው በውስጡ የተገጠመ በመሆኑ ተለዋዋጭ ርዝመት ካላቸው ሽቦዎች ጋር ለመሥራት ያመቻል።

ሦስተኛው ምድብ እንደ ያኤሱ ኤፍ.ቲ.-891 ያሉትን 100 ዋት የሚያመነጩ፣ ለተሽከርካሪ የተሠሩ መሣሪያዎች ይይዛል። በሙሉ ኃይል ሲያሰራጩ ከ20 አምፔር በላይ ስለሚወስዱ የመኪና ባትሪ ያስፈልጋቸዋል።

ከ5 ዋት ወደ 100 ዋት ማሳደግ የሚያስገኘው ጭማሪ 13 ዴሲቤል ሲሆን፣ በመቀበያው መለኪያ ላይ ከሁለት እርከን ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጭማሪው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ያለሰዓቱ የተመረጠን ፍሪኩዌንሲ ወይም በአግባቡ ያልተሰቀለን አንቴና አያካክስም። በትክክለኛው ሰዓት በ7 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ባለ 5 ዋት መሣሪያ፣ በቀትር በ3.5 ሜጋኸርዝ ከሚሠራ ባለ 100 ዋት መሣሪያ የተሻለ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንቴና

ለሀገር ውስጥ ግንኙነት ቀላሉና ውጤታማው አንቴና በመካከሉ የሚመገብ ባለ ሁለት ክንፍ ሽቦ፣ ማለትም ዳይፖል ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ በሜትር የሚገኘው 143ን በሜጋኸርዝ ለተገለጸው ፍሪኩዌንሲ በማካፈል ነው። በዚህ ስሌት፦

• ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20.1 ሜትር፣ እያንዳንዱ ክንፍ 10 ሜትር ገደማ፤

• ለ5.36 ሜጋኸርዝ 26.7 ሜትር፣ እያንዳንዱ ክንፍ 13.3 ሜትር ገደማ፤

• ለ3.76 ሜጋኸርዝ 38 ሜትር፣ እያንዳንዱ ክንፍ 19 ሜትር ይሆናል።

ሽቦውን ከስሌቱ ጥቂት አስረዝሞ መጀመርና ከተሰቀለ በኋላ በሞገድ መመለሻ መለኪያ እያዩ ማሳጠር ይመከራል። ለመደበኛ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚውል የመዳብ ሽቦ በቂ ነው።

ወደ ላይ ለሚደረግ ስርጭት አንቴናውን እጅግ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። ለ7 ሜጋኸርዝ ከ4 እስከ 10 ሜትር ከፍታ ተስማሚ ነው። በአርሲ በየቀየው የሚገኘው ባሕር ዛፍ ለዚህ ያመቻል፤ አንድ የ8 ሜትር አጣና በመካከል ተተክሎ ሁለቱ ክንፎች ወደ ጎን ተዳፍተው ቢታሰሩ አንቴናው ይሠራል። ጫፎቹ ከሰውና ከከብት መተላለፊያ ርቀው፣ ቢያንስ ከ2 ሜትር በላይ መታሰር አለባቸው።

ስለ አቅጣጫው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዳይፖል በክንፎቹ ጫፍ በኩል ደካማ ነው ስለሚባል፣ ከሳጉሬ በስተሰሜን ያለችውን አዲስ አበባን የሚፈልግ ጀማሪ ሽቦውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሊዘረጋ ይችላል። ይህ ደንብ የሚሠራው ከፍ ብሎ ለተሰቀለና ለሩቅ ግንኙነት ለታሰበ አንቴና ነው። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ የጫፎቹ ድክመት ዋጋ የለውም። ከዚህም በላይ በመግነጢስ ወገብ አካባቢ የምድር መግነጢስ መስመሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን አግድም ስለሚዘረጉ፣ ከእነርሱ ጋር ትይዩ የሆነ ሞገድ በአዮኖስፌር የሚደርስበት መመጠጥ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በመግነጢስ ወገብ አቅራቢያ በምትገኘው በታይላንድ የተካሄዱ ጥናቶች ለቅርብ ርቀት ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ዳይፖል የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አሳይተዋል። በአርሲም የሚመከረው አቅጣጫ ይኸው ነው።

የኃይል ምንጭ

ባለ 5 ዋት ትራንሲቨር ሲያሰራጭ 2 አምፔር፣ ሲያዳምጥ 0.4 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ከጊዜው አንድ አምስተኛውን በማሰራጨት፣ ቀሪውን በማዳመጥ የሚያሳልፍ ኦፕሬተር በአማካይ 0.7 አምፔር ይጠቀማል። በዚህ መሠረት ባለ 12 ቮልት፣ 6 አምፔር-ሰዓት የሆነ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 8 ሰዓት ያህል ያገለግላል፤ ክብደቱም ከ1 ኪሎግራም በታች ነው።

ባለ 20 ዋት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ በጠራ ፀሐይ ከ1 አምፔር በላይ ይሰጣል። በበጋ ወራት በቀን አምስት ሰዓት የሚሆን ሙሉ ፀሐይ ቢገኝ የአንድ ቀን ፍጆታን ለመመለስ የተቃረበ ነው። በክረምት በጭላሎ ግርጌ ጉምና ደመና ስለሚበረታ ግን በሰሌዳው ላይ ብቻ መተማመን አይገባም፤ ሁለተኛ የተሞላ ባትሪ መያዝ ያስፈልጋል። አንዳንድ የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያዎች በመቀበያው ላይ ጫጫታ ስለሚፈጥሩ ከጉዞ በፊት መፈተሽ አለባቸው።

የመልእክት ማስተላለፊያ ዘዴዎች

በአጭር ሞገድ ንግግር የሚተላለፈው በነጠላ ጎን ባንድ ዘዴ ሲሆን 2.7 ኪሎኸርዝ ገደማ ስፋት ይይዛል። በአማተሮች ልማድ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች የታችኛው ጎን ባንድ፣ ከዚያ በላይ የላይኛው ጎን ባንድ ጥቅም ላይ ይውላል፤ የ5 ሜጋኸርዙ ክልል ከዚህ ልማድ የተለየ ሆኖ የላይኛው ጎን ባንድ ይሠራበታል።

የሞርስ ኮድ የሚይዘው ስፋት ጥቂት መቶ ኸርዝ ብቻ ስለሆነ በዚያው ኃይል ንግግር በማይሰማበት ሁኔታ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተካሄደው የዓለም ሬዲዮ ጉባኤ ከተደረገው ማሻሻያ ወዲህ የሞርስ ፈተና ዓለም አቀፍ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፤ ዘዴው ግን ለአነስተኛ ኃይል ተመራጭነቱን አላጣም።

በኮምፒውተር የሚታገዙት ዲጂታል ዘዴዎች ከዚህም ያለፈ ስሜታዊነት አላቸው። ኤፍ.ቲ.8 የተባለው ዘዴ ከጫጫታው 20 ዴሲቤል ያህል የሚያንስን ሞገድ ሊያነብ ይችላል። ይሁን እንጂ በ15 ሰከንድ ዙር የሚያስተላልፈው እጅግ አጭር ቃል በመሆኑና የኮምፒውተሩ ሰዓት በትክክል መስተካከል ስላለበት፣ ለዝርዝር መልእክት የሚመረጡት ነጻ ጽሑፍ የሚያስተላልፉ ሌሎች ዘዴዎች ናቸው።

በአደጋ ጊዜ የመልእክት አሰጣጥ

በደካማ ሞገድ ላይ የሚተላለፍ መልእክት አጭር፣ የተሟላና ለስሕተት የማይጋለጥ መሆን አለበት። የሚከተሉት ነጥቦች ሊጠበቁ ይገባል፦

• ከመጥራት በፊት ማዳመጥ፤ ፍሪኩዌንሲው ላይ የአደጋ ግንኙነት ካለ አለማቋረጥ።

• የላኪውን የጥሪ ምልክት፣ የቦታውን ስም ከቀበሌው፣ ከወረዳውና ከዞኑ ጋር መግለጽ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ስፍራዎች በልዩ ልዩ ክልሎች ይገኛሉና።

• ቁጥሮችን አንድ በአንድ መናገርና ተቀባዩ መልሶ እንዲያነብ ማድረግ።

• በዓይን የታየውንና ከሌላ ሰው የተሰማውን ለይቶ መናገር።

• የሟቾችንና የተጎጂዎችን ስም በግልጽ አየር ላይ አለመጥራት፤ የሬዲዮው ንግግር ለማንም የሚሰማ ነው።

ሰዓት ተደጋጋሚ የስሕተት ምንጭ ነው። የአማተር ሬዲዮ መዝገብ የሚያዘው በተቀናጀው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረን የቀን ሰዓት ወደዚህ ለመቀየር 3 ይደመራል፤ ለሌሊት ሰዓት ደግሞ 15 ይደመራል፤ ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ተቀንሶ ቀኑ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ለምሳሌ ከረፋዱ 4፡00 ሰዓት 07፡00፣ ከምሽቱ 1፡00 ሰዓት 16፡00 ይሆናል። ዕለት ሲጠቀስም የትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ መነገር አለበት።

ይህ ሁሉ በአደጋው ዕለት የሚለመድ አይደለም። ኦፕሬተሩ ከሳጉሬ፣ ከበቆጂ ወይም ከሌላ የታሰበ ስፍራ ሆኖ በበጋም በክረምትም፣ በቀንም በሌሊትም ከአዲስ አበባ ጋር ሞክሮ የትኛው ፍሪኩዌንሲ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ በመዝገብ መያዝ ይኖርበታል። የዚህ ዓይነቱ መዝገብ ከማንኛውም የመሣሪያ መመሪያ ይበልጥ ለአካባቢው የሚጠቅም ሰነድ ነው።

ፈቃድና የሕግ ግዴታ

የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ውስን የሀገር ሀብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የፍሪኩዌንሲ አስተዳደርንና የመገናኛ መሣሪያዎችን የቴክኒክ ብቃት ይቆጣጠራል። ማንኛውም ሰው ትራንሲቨር ከመግዛቱ ወይም ከውጭ ሀገር ከማስገባቱ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቆ ተገቢውን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ስለ ቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትን፣ መያዝንና መጠቀምን በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ ደንግጓል።

ከዚህ አንጻር የሚከተሉት ጥንቃቄዎች አስፈላጊ ናቸው፦

• በሌላ ሀገር የተሰጠ የአማተር ፈቃድ በራሱ በኢትዮጵያ ለማሰራጨት መብት አይሰጥም። ትውልደ ኢትዮጵያውያንና ጎብኚዎች መሣሪያ ይዘው ከመምጣታቸው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

• ፈቃዱ ከቋሚ አድራሻ ውጭ በመስክ መጠቀምን የሚሸፍን መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

• በመስክ በሚሠራበት ጊዜ የፈቃዱን ዋናውን ወይም የተረጋገጠ ቅጂውን መያዝና የወረዳውን አስተዳደርና ፖሊስ አስቀድሞ ማሳወቅ አላስፈላጊ ጥርጣሬን ያስቀራል።

• ብዙ መሣሪያዎች ከአማተር ክልል ውጭም መቀበል ይችላሉ። ይህ በሲቪል አቪዬሽን፣ በጸጥታ አካላት ወይም በሌሎች ተጠቃሚዎች ፍሪኩዌንሲ ለማሰራጨት ፈቃድ አይሆንም።

የደኅንነት ጥንቃቄ

አንቴና በማንኛውም ሁኔታ ከኤሌክትሪክ መስመር በላይ፣ በታች ወይም ሲወድቅ መስመሩን ሊነካ በሚችልበት ርቀት ሊሰቀል አይገባም። በደጋማው የአርሲ ምድር በክረምት ወራት ከቀትር በኋላ መብረቅ የተለመደ ነው፤ የነጎድጓድ ድምፅ እንደተሰማ ሥራ አቁሞ የአንቴናውን ገመድ ከመሣሪያው መንቀልና ከሽቦው መራቅ ያስፈልጋል። የባትሪው አዎንታዊ መስመር ላይ ፊውዝ መግባት አለበት። በሚሰራጭበት ጊዜ የአንቴናውን ጫፍ መንካት ቃጠሎ ስለሚያስከትል፣ በተለይ ሕፃናት እንዳይቀርቡ አካባቢው በገመድ ሊከለል ይገባል።

የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አጠያየቅን፣ የሚያስፈልጉ ሰነዶችንና ወቅታዊ የአገልግሎት ክፍያን በተመለከተ ዝርዝር መረጃ የሚገኘው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የተግባር ልምድ ለመቅሰም የሚፈልጉ ተማሪዎችና መምህራን የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበርን በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ ሊያነጋግሩ ይችላሉ።